የአንድን አውትፊልደር የሥራ ዘመን ከእግሩ ጀምሮ ማንበብ

ስለ አንድ የቤዝቦል ተጫዋች ወሬ ሲነሳ ሰው የሚቸኩለው ስንት ሆም ረን፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ የሜዳውን አጥር ተሻግሮ የሚሄድ ምት፣ እንደመታ ለመጠየቅ ነው። እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው የት እንደቆመና ያኔ ዕድሜው ስንት እንደነበረ ነው። በተለይ አውትፊልደር ከሆነ፣ ማለትም ሯጭ በተራ ከሚረግጣቸው ማዕዘኖች፣ ከቤዞቹ፣ ኋላ ባለው ሰፊ ሣር ላይ ከሚሰለፉት ሦስት ተከላካዮች አንዱ ከሆነ፣ የሥራ ዘመኑን የሚጽፈው እግሩ ነው ብዬ አምናለሁ። እግሩ ሲፈጥን፣ ሲጎዳ፣ ሲደክም መዝገቡ ላይ ምልክት ይተዋል። ያንን ምልክት ማየት ለሚፈልግ ሁሉ የምሠራበትን መንገድ ላሳይ።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ የተጫዋቹ የየዓመቱ መዝገብ፣ አንድ ባለመስመር ወረቀትና እርሳስ። በስተግራ ዓመቱን፣ ቀጥሎ ዕድሜውን፣ ቀጥሎ በየቦታው የተሰለፈበትን የጨዋታ ብዛት ይጻፉ። የመምታት ቁጥሮቹን ለጊዜው አይንኩ። በዚህ ቅደም ተከተል የምጸናው ሆም ረኑን አስቀድሞ ያየ ሰው ሌላውን ነገር ሁሉ በእርሱ እየለካ ስለሚያነብ ነው።

በጨዋታ መመዝገቢያ ወረቀት ላይ ግራ 7፣ መሀል 8፣ ቀኝ 9 ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ግራና ቀኝ የሚባለው ከመቺው አንጻር ነው። መሀል የሚቆመው ከሁሉም ሰፊውን መሬት ይሸፍናል፤ ኳስ በሁለት ሰዎች መካከል ስትወርድ «የእኔ ናት» ብሎ ከጮኸ ሌሎቹ ይለቁለታል። ስለዚህ ፈጣኑ እዚያ ይሰለፋል። በቀኝ የሚቆመው ጠንካራ ክንድ ያስፈልገዋል፤ ከአንደኛ ቤዝ ተነስቶ ወደ ሦስተኛ የሚገሰግሰውን ሯጭ ለመያዝ ሜዳውን አቋርጦ መወርወር አለበት። በግራ የሚቆመው ለሦስተኛ ቤዝ ቅርብ በመሆኑ የክንዱ ድክመት ይሸፈንለታል፤ ብዙ ቡድኖችም ጥሩ የሚመታ ግን ቀርፋፋ የሆነውን ሰው እዚያ ያቆማሉ።

ወረቀቱ ሲሞላ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ጉዞ ይታያል። ከ8 ወደ 9 ወይም ወደ 7፣ አንዳንዴ ወደ አንደኛ ቤዝ፣ በመጨረሻም ለመከላከል ሳይገባ መምታት ብቻ ወደ ተፈቀደለት ሰው ቦታ። ኬን ግሪፊ ጁኒየር በሲያትል መሀሉን ለዓመታት ይዞ ከኖረ በኋላ በ2007 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በሲንሲናቲ፣ በ37 ዓመቱ፣ ወደ ቀኝ ተዛወረ። ማይክ ትራውት ደግሞ በ2025 በ33 ዓመቱ መሀሉን ለቆ የውድድር ዘመኑን በቀኝ ጀመረ። ይህ ሽግግር የሆነበትን ዓመት በወረቀቱ ላይ በደማቁ ያስምሩበት። ከዚያ ዓመት ወዲህ ያለው ሰው ከዚያ በፊት ከነበረው የተለየ ሥራ የያዘ ሰው ነው፤ ሁለቱን በአንድ መለኪያ መመዘን ፍትሐዊ አይደለም።

ልዩነቱ በቁጥርም ይታያል። ፋንግራፍስ የተባለው የቤዝቦል አሃዝ ተቋም የተጫዋችን ጠቅላላ ዋጋ ሲያሰላ ሙሉ የውድድር ዘመን መሀል ለቆመ ሰው 2.5 ረን (ሯጭ ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ ሆም፣ ማለትም መቺው የሚቆምበት መነሻ፣ ሲደርስ የሚቆጠር ነጥብ) ይጨምርለታል፤ ግራ ወይም ቀኝ ከቆመው 7.5 ይቀንሳል፤ መምታት ብቻ ከሚያደርገው 17.5 ይቀንሳል። በመሀልና በዳር መካከል ያለው ልዩነት አሥር ረን ነው ማለት ነው፤ አሥር ረን ደግሞ በግምት አንድ ድል ነው። እኩል የመቱ ሁለት ሰዎች ከቆሙበት ቦታ የተነሳ በዓመት የአንድ ድል ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል።

አሁን ወደ ጅማሬው ይመለሱና ሰውየው በየትኛው በር እንደገባ ይመልከቱ። የአሜሪካ ወጣቶች በድራፍት፣ ማለትም ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ ይገባሉ። ድራፍቱ የተጀመረው በ1965 ሲሆን የመጀመሪያው ተመራጭ ሪክ መንደይ አውትፊልደር ነበር። ከአሜሪካ ውጭ ያሉት፣ ለምሳሌ የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ልጆች፣ ገና በ16 ዓመታቸው መፈረም ይችላሉ። ኢቺሮ ሱዙኪ በበኩሉ በጃፓን ኦሪክስ ቡድን ውስጥ ተሠርቶ በ2001 በ27 ዓመቱ ሲያትል ደረሰ። ብዙ ታላላቅ አውትፊልደሮች በልጅነታቸው ሌላ ቦታ ይጫወቱ እንደነበርም ያስተውሉ። ሚኪ ማንትል ሾርትስቶፕ፣ ማለትም በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚቆም ተከላካይ፣ ነበር። ላሪ ዶቢ ከሁለተኛ ቤዝ ነው የመጣው። ሙኪ ቤትስ በ2011 ሲመረጥ የውስጠኛው ሜዳ ተጫዋች ነበር፤ ቦስተን በ2014 ወደ ሣሩ አወጣው።

የምርጫው ዙር አያታልልዎት። ኬቨን ኪርማየር በ2010 የተመረጠው በ31ኛው ዙር ነው፤ እንደ ዛሬው ድራፍቱ 20 ዙር ብቻ ቢሆን ኖሮ ስሙ ባልተጠራም ነበር። የሜጀር ሊግ፣ ማለትም የከፍተኛው ሊግ፣ ሕይወቱ በ2013 የጀመረው በአንድ የመለያ ጨዋታ ዘጠነኛ ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት የጨዋታ ክፍል) ላይ ለመከላከል ብቻ ተቀይሮ በመግባት ነው። ከዚያ አራት የወርቅ ጓንት፣ ማለትም ለምርጥ ተከላካይ የሚሰጠውን ሽልማት፣ አገኘ፤ በ2015፣ በ2016፣ በ2019 ከታምፓ ቤይ፣ በ2023 ከቶሮንቶ ጋር። በዱላው ብቻ ቢመዘን መካከለኛ ሰው ነበር። እንዲህ ዓይነቱን የሥራ ዘመን የሆም ረን ዓምድ አያሳይም፤ ለእኔ ግን በጣም ከምወዳቸው አንዱ ነው።

የማይነር ሊግ፣ ማለትም ከሜጀር ሊግ በታች ያሉት ሊጎች፣ ዓመታቱን ሲያነቡ ዕድሜውን ከደረጃው ጋር ያስተያዩ። መሰላሉ ከሩኪ ይነሳል፤ ሲንግል ኤ፣ ሃይ ኤ፣ ደብል ኤ እያለ ትሪፕል ኤ ላይ ያበቃል። በ24 ዓመቱ ሲንግል ኤ ላይ ኳሱን የሚደበድብ ሰው ልጆችን እያሸነፈ ነው። ሁዋን ሶቶ በ2018 በ19 ዓመቱ ከሲንግል ኤ ተነስቶ፣ ትሪፕል ኤን ጭራሽ ሳይረግጥ፣ በግንቦት ዋሽንግተን ሜጀር ሊግ ላይ ታየ፤ በታኅሣሥ 2024 ከኒውዮርክ ሜትስ ጋር ለ15 ዓመት በ765 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ሁለተኛ የሚታየው ነገር የስትራይክ አውትና የነጻ ጉዞ ንጽጽር ነው፤ ስትራይክ አውት መቺው ሦስት ጊዜ ስቶ ወይም ሊመታት የሚገባትን ኳስ አሳልፎ ሲወጣ ነው። ወርዋሪው አራት ጊዜ ከክልሉ ውጭ ሲወረውርለት ሳይቸኩል ታግሶ አንደኛ ቤዝ የሚሄድ ወጣት ዓይን አለው፤ ዓይን ከደረጃ ደረጃ አብሮ ይወጣል፤ በደካማ ወርዋሪ ላይ የተመታ ሆም ረን ግን ላይወጣ ይችላል። የማይነር ሊግን ዓመታት በንቀት አይለፏቸው። በ2023 በተፈረመው ስምምነት ትሪፕል ኤ ላይ ያለ ተጫዋች ዝቅተኛው የዓመት ክፍያ 35,800 ዶላር ሲሆን በዚያው ዓመት የሜጀር ሊግ ዝቅተኛ ደመወዝ 720,000 ዶላር ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ እርምጃ ነው፤ ያንን እርምጃ ለመርገጥ ብዙዎች ሙሉ ወጣትነታቸውን ይከፍላሉ።

ከዚህ በኋላ ብዙ አንባቢ የሚዘለውን ዓምድ ያክሉ፤ የአገልግሎት ቀናት። በሜጀር ሊግ 172 ቀን አንድ የአገልግሎት ዓመት ነው። ሦስት ዓመት የሞላው ተጫዋች ከክለቡ ጋር በደመወዝ ካልተስማማ ወደ ግልግል ዳኛ መሄድ ይችላል፤ ስድስት ዓመት የሞላው ውሉ ሲያልቅ ነጻ ሆኖ ከፈለገው ክለብ ጋር ይፈርማል። ስለዚህ አንድ ወጣት ማይነር ሊግ ላይ እየነደደ ሳለ ለምን ሁለት ሳምንት ዘግይቶ እንደተጠራ ሲገርምዎት ቀን ይቁጠሩ። ክሪስ ብራያንት፣ ሦስተኛ ቤዝም አውትፊልድም የተጫወተው፣ በ2015 በመጀመሪያ ዓመቱ ያገኘው 171 ቀን ነው። በዚያች በጎደለች አንድ ቀን ምክንያት ነጻ የሚሆንበት ጊዜ በአንድ ዓመት ተገፋ፤ አቤቱታ አቀረበ፣ በ2020 ተፈረደበት።

ይህ የነጻነት ዓምድ የተገኘበትን መንገድ ሳያውቁ የትኛውንም አውትፊልደር ማንበብ ጎዶሎ ነው፤ ስለዚህ ከርት ፍለድ ላይ ቆም ልበል። ፍለድ የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ መሀል ተከላካይ ነበር፤ ከ1963 እስከ 1969 በተከታታይ ሰባት የወርቅ ጓንት ወስዷል። በጥቅምት 1969 ክለቡ ሳያማክረው ለፊላደልፊያ ለወጠው። በዚያን ዘመን ውል ውስጥ በነበረው አንቀጽ ክለቡ ተጫዋቹን እስከ ሥራ ዘመኑ ፍጻሜ ይዞ ማቆየት ይችል ነበር፤ ተጫዋቹ ያለው ምርጫ መሄድ ወይም ማቆም ብቻ ነው። ፍለድ በታኅሣሥ 24 ቀን ለሊጉ ኮሚሽነር ቦዊ ኩን ደብዳቤ ጻፈ፤ ከሌሎች ክለቦችም ጥያቄ የመቀበል መብት አለኝ አለ። ኮሚሽነሩ እምቢ ሲለው ከሰሰ። ፊላደልፊያ 100,000 ዶላር አቅርቦለት ነበር፤ የ1970ን የውድድር ዘመን ሳይጫወት ዋለ። በ1971 ለዋሽንግተን ሴናተርስ 13 ጨዋታ ተሰልፎ አበቃ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 1972 አምስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ፈረደበት። በሩ የተከፈተው በታኅሣሥ 1975 አንድ የግልግል ዳኛ ለሁለት ወርዋሪዎች በፈረደ ጊዜ ነው፤ ፍለድ ያኔ ከሜዳ ወጥቶ ነበር። በእርሱ ወረቀት ላይ 1970 ባዶ መስመር ነው። በዚያ መስመር ላይ ምክንያቱን ሙሉ በሙሉ እጽፋለሁ፤ የሶቶን 765 ሚሊዮን ዶላር ስጽፍም ያንን መስመር አስታውሳለሁ።

አሁን ወደ ሜዳው እንውጣ። ከመቺው ጀርባ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ዋጋውም ከታችኛው ይረክሳል፣ እይታውም ለዚህ ሥራ ይሻላል። ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ያድርጉ፤ ኳሷ ስትመታ ኳሷን አይከተሉ። አስቀድመው የመረጡትን አውትፊልደር እግር ይዩ። ወርዋሪው ክንዱን ሲያነሳ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ በጣቶቹ ላይ ይቆማል። ዱላው ኳሱን እንደነካ የመጀመሪያው እርምጃ የት ሄደ? ከራሱ በላይ ለምታልፍ ኳስ ጎበዙ አንዱን እግሩን ወደ ኋላ ጥሎ ዳሌውን ያዞርና ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ይሮጣል፤ ደካማው ፊቱን ሳያዞር ወደ ኋላ እየረገጠ ያፈገፍጋል። የሚሮጠው በጣቶቹ ላይ ነው፤ ተረከዙን ከደበደበ ጭንቅላቱ ይነቀነቃል፣ ኳሷም ዓይኑ ውስጥ የምትዘል ይመስለዋል። በቀላሉ የምትወርድ ኳስ ላይ ደግሞ ልክ ከሥሯ አይቆምም፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ይጠብቃትና እየገሰገሰ ይይዛታል፣ ምክንያቱም ሯጭ ካለ የሰውነቱ ግስጋሴ ወደ ውርወራው እንዲገባ ይፈልጋል። ጣቶቹን በስፌቱ ላይ አቋርጦ ሲይዝ ኳሷ ቀጥ ብላ ትበራለች፣ መሬት ስትነካም ቀጥ ብላ ትነጥራለች።

ከ2015 ወዲህ በስታዲየሞቹ ላይ የተተከሉት ካሜራዎች ይህን ሁሉ ይለካሉ። የሜጀር ሊግ አማካይ የሩጫ ፍጥነት በሰከንድ 27 ጫማ፣ ወደ 8.2 ሜትር ገደማ ነው፤ 30 ጫማ የደረሰ ከምርጦቹ ነው። ለአውትፊልደር ወርዋሪው ኳሱን ከለቀቀ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች ውስጥ የሸፈነው ርቀትም ተለይቶ ይለካል። እነዚህን ቁጥሮች በየዓመቱ ከዕድሜው ጎን ይጻፉ። ግን በዓይንዎ ያዩትንም ይጻፉ፤ ከ2015 በፊት ለተጫወቱት ሁሉ ያለን ዓይንና የቆየ ፊልም ነው።

የስህተት ዓምድ የአውትፊልደርን ነገር አይናገርም፤ ይህን በጥብቅ እናገራለሁ። ቀርፋፋው ያልደረሰባት ኳስ ስህተት ተብላ አትመዘገብም፤ ፈጣኑ ደርሶ ከጓንቱ ያመለጠችው ግን ትመዘገባለች። ይኸው ፍለድ ምስክር ነው። በጥቅምት 1968 የዎርልድ ሲሪስ፣ የሜጀር ሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ፣ ሰባተኛ ጨዋታ፣ ሰባተኛ ኢኒንግ፣ ውጤቱ ዜሮ ለዜሮ፣ ሁለት ሯጮች ቤዝ ላይ። የዲትሮይቱ ጂም ኖርዝራፕ ወደ መሀል ቀጥ ያለ ኳስ መታ። በዘመኑ ከነበሩት መሀል ተከላካዮች ምርጥ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ሰው የመጀመሪያ እርምጃውን ወደፊት አደረገ፤ ሲመለስ እግሩ ተንሸራተተ፤ ኳሷ ከኋላው ወረደች። ሁለት ረን ገባ፣ ዲትሮይት 4 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። መዝገቡ ላይ ያለው ለመቺው የተሰጠ ሦስት ቤዝ ምት ነው፤ ለፍለድ አንድም ስህተት አልተጻፈበትም።

የተገላቢጦሹን ለማየት የዊሊ ሜይስን ፊልም ይመልከቱ፤ መስከረም 29 ቀን 1954፣ ኒውዮርክ፣ ፖሎ ግራውንድስ፣ የዎርልድ ሲሪስ የመጀመሪያ ጨዋታ። ስምንተኛ ኢኒንግ፣ 2 ለ 2፣ ከመቺዎቹ ማንም አልወጣም፣ አንደኛና ሁለተኛ ቤዝ ላይ ሯጮች አሉ። ቪክ ወርትዝ ወደ መሀሉ ጥልቀት መታ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሜይስ ጀርባውን ሰጥቶ እየሮጠ ኳሷን በትከሻው በኩል መያዙን ነው። ፊልሙን መልሰው ያስኬዱና ከተያዘች በኋላ ያለውን ይዩ። ሳይቆም ተሽከርክሮ ወረወረ፤ ኮፍያው ወደቀ፣ እርሱም ከውርወራው ኃይል የተነሳ ወደቀ። ሁለተኛ ቤዝ ላይ የነበረው ላሪ ዶቢ ነበር፤ በአሜሪካን ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች፣ ራሱም መሀል ተከላካይ። በዚያ ርቀት ከሁለተኛ ቤዝ ተነስቶ እስከ ሆም መግባት ይታሰብ ነበር፤ ከሦስተኛ አላለፈም፣ አንደኛ ቤዝ ላይ የነበረውም ባለበት ቀረ። ምንም ረን ሳይገባ ኢኒንጉ አለፈ፤ ጃይንትስ በአሥረኛው ኢኒንግ 5 ለ 2 አሸነፉ። ለእኔ ሥራው ውርወራው ነው።

ስለ ውርወራ ካነሳን አሲስት የሚባለውን ዓምድ በጥንቃቄ ይያዙት። አውትፊልደር ወርውሮ ሯጭ ሲያስወጣ አሲስት ይቆጠርለታል። ቁጥሩ ሲበዛ ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ ክንዱ ብርቱ ነው፣ ወይም ሯጮች ንቀውት እየሮጡበት ነው። ኢቺሮ በሚያዝያ 2001 ኦክላንድ ላይ ከቀኝ ሜዳ ቀጥ ባለ ውርወራ ቴረንስ ሎንግን ሦስተኛ ቤዝ ላይ አስወጣው። እንዲህ ዓይነት ውርወራ ከታየ በኋላ ሦስተኛ ቤዝን ለመሞከር የሚያመነታ ሯጭ ይበዛል፤ ያልተሞከረ ሩጫ ደግሞ አሲስት ሆኖ አይመዘገብም። ስታዲየሙንም አይርሱ። በቦስተን ፌንዌይ ፓርክ ከግራ ተከላካዩ ጀርባ ያለው አረንጓዴ ግድግዳ 11 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከሆም ያለው ርቀት ግን ከ95 ሜትር አይበልጥም። እዚያ የሚቆም ሰው ከግድግዳው የምትነጥረውን ኳስ መማር አለበት፤ ካርል ያስትረምስኪ ያንን ተክኖ ሰባት የወርቅ ጓንት ወስዷል።

ስለ ዱላው አጭር ልሁን፤ ሌሎች ብዙ ጽፈዋል። ከአማካይ ምቱ ይልቅ ቤዝ ላይ የመድረስ መጠኑን ይጻፉ። ሪኪ ሄንደርሰን በሥራ ዘመኑ ሁሉ አማካይ ምቱ .279 ነበር፤ ቤዝ ላይ የደረሰው ግን በ.401 መጠን ነው። በመካከል ያለው ልዩነት አብዛኛው ነጻ ጉዞ ነው፤ ያንን ነጻ ጉዞ በእግሩ ወደ ሁለተኛና ሦስተኛ ቤዝ ቀየረው። 1,406 ቤዝ ሰርቋል፣ በ1982 ብቻ 130። የሊጉ የምንጊዜም የረን ክብረ ወሰንም፣ 2,295፣ የእርሱ ነው። ግራ ተከላካይ ቀርፋፋ ነው ለሚል ሰው የእርሱን ወረቀት አሳየዋለሁ።

የመውረጃው ዓመታት ሲደርሱ በችኮላ አይፍረዱ፤ አወራረዱ ከሰው ሰው ይለያያል። አንድሩ ጆንስ በ1996 በ19 ዓመቱ በዎርልድ ሲሪስ ሁለት ሆም ረን የመታ፣ ከ1998 እስከ 2007 በየዓመቱ የወርቅ ጓንት የወሰደ መሀል ተከላካይ ነው። በ2008 በ31 ዓመቱ ለሎስ አንጀለስ በ75 ጨዋታ .158 መታ። እንዲህ ዓይነት ድንገተኛ ውድቀት ሲያዩ ወደ ኋላ ተመልሰው በየዓመቱ የተጫወተውን ጨዋታ ይደምሩ። የውድድር ዘመኑ 162 ጨዋታ ነው፤ በልጅነቱ ጀምሮ በየዓመቱ ሙሉውን ሊባል የሚችል ያህል መሀል ላይ የሮጠ ሰው በ30 ዓመቱ እግሩ ከዕድሜው ይበልጣል። ኢቺሮ በተቃራኒው ሰውነቱን በየቀኑ በማፍታታት እየጠበቀ እስከ 2019 ቆየ፤ ከሜጀር ሊግ 3,089፣ ከጃፓን 1,278 ምት ይዞ።

በመጨረሻ ክፍተቶቹን ይፈትሹ። የጎደለ ወይም ያጠረ ዓመት ሲያገኙ ደካማ ዓመት ነው ከማለትዎ በፊት ሊጉ ራሱ ስንት ጨዋታ እንደተጫወተ ይዩ። በ1994 በነሐሴ የተጀመረው የሥራ ማቆም አድማ የውድድር ዘመኑን ቆረጠው፤ የሳን ዲዬጎው ቀኝ ተከላካይ ቶኒ ግዊን በ.394 ላይ እንዳለ ቆመ። በ2020 የውድድር ዘመኑ 60 ጨዋታ ብቻ ነበር። ሜይስ አብዛኛውን 1952ንና ሙሉውን 1953 በጦር ሠራዊት አገልግሎት አሳልፏል፤ ቴድ ዊልያምስ ከ1943 እስከ 1945 ሦስት ዓመት ሙሉ። የመጀመሪያውንም መስመር ይጠይቁ። ሞንቲ ኧርቪን ለኒውዮርክ ጃይንትስ ሜጀር ሊግ ላይ የታየው በ1949 በ30 ዓመቱ ነው። ዘግይቶ የበሰለ ተጫዋች አልነበረም፤ ጥቁሮች እስከ 1947 በሩ ተዘግቶባቸው ስለነበር ወጣትነቱን በኒግሮ ሊግ ከኒዋርክ ኢግልስ ጋር አሳልፏል። ከግንቦት 2024 ጀምሮ ከ1920 እስከ 1948 የነበሩት የኒግሮ ሊጎች አሃዝ ከሜጀር ሊጉ መዝገብ ጋር ስለተዋሐደ እነዚያን ዓመታት አሁን ማግኘት ይቻላል። የእርሱን ወረቀት ሲያዘጋጁ ከላይ በቂ ባዶ መስመር ይተዉና ከኒዋርክ ይጀምሩ።